አራት ቀን የዘገየው ዲዋሊ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ መብራት ጠፋና ጸሐፊዋ ጥፍሯን ቀለም መቀባት ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ከነወንበሬ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ድሮ በስቴንስል የምንጽፍ ሰዎች ፊደል ስንስት የምንቀባው ቀይ ፈሳሽ ነበር፤ ሽታው ቁርጥ የጥፍር ቀለም ነው። በትምህርት ቤታችን እኔን ያህል ያንን ብልቃጥ የጨረሰ ጸሐፊ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ «ጌጡ፣ አንተ የምትጽፈው በታይፕ ነው ወይስ በቀይ ቀለም?» ይሉኝ ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ ሽታው አስቸገርዎት እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ቀቢ ልጄ፣ እኔ በዚህ ሽታ ነው ያረጀሁት» አልኳት። በጨዋነት ሳቀች። በዚህ ዕድሜ የሚሳቅልኝ ለጨዋነት ነው።

ጉልበቴ ላይ የያዝኩት ወረቀት የዓመት በዓላት ሰንጠረዥ ነበር። ጥምቀትና ፋሲካ አይምሰላችሁ፤ የሂንዱዎች በዓላት ናቸው፦ ሆሊ፣ ጃንማሽታሚ፣ ናቫራትሪ፣ ዲዋሊ። አዘጋጁ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከጎጃም በእግራቸው መጥተው ነቀምቴ የከተሙት የመሪጌታ ልጅ፣ ድቁናውን በስንፍና የጣልኩት፣ ድምፄም እንደ በር ማጠፊያ የሚጮኽ። ንስሐ አባቴን ጠይቄአቸው «ቀን መቁጠር ኃጢአት አይደለም፤ ብቻ ብዙ አታውራ» ብለውኛል። ይኸው እያወራሁ ነው።

ያኔ በወለጋ ከተሞች የህንድ አስተማሪ የሌለበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ፣ በየትም ሂሳብና ኬሚስትሪ የሚገባን በህንድ እንግሊዝኛ ነበር። የእኛዋ ሚስ ሳቪትሪ ይባላሉ፤ ከጉጃራት ከኬሚስትሪ አስተማሪ ባላቸው ጋር የመጡ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያልፋቸው የሂሳብ አስተማሪ። በነቀምቴ ክረምት ከላይ ብርቱካንማ ሳሪ፣ ከታች ጥቁር ቦቲ ጫማ አድርገው በጭቃው መሐል ሲያልፉ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። እኔም ቆሜ አይ ነበር፤ እግሩ ጋ የሰፋ ቤልቦተም ሱሪዬ ግን ከእሳቸው ሳሪ ይልቅ ጭቃውን ይጠርገዋል። ሻይ በቦምቦሊኖ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ደመወዝ በወጣ ቀን ሁለት ቦምቦሊኖ በልቼ የባለጠጋ አረማመድ እራመድ ነበር። ሚስ ሳቪትሪ አማርኛን ከመጽሐፍ፣ ኦሮምኛን ከገበያ ነው የተማሩት፤ ስለዚህ አማርኛቸው እንደ አዋጅ፣ ኦሮምኛቸው እንደ ጎረቤት ነበር። «አዴ ሳቪትሪ» ይሏቸዋል ሽንኩርት ሻጮቹ፤ እሳቸውም ዋጋ ሲከራከሩ እንደ አገሩ የሌቃ ኦሮሞ ሴት ወገባቸውን ይይዛሉ።

እነዚህ አስተማሪዎች አምላካቸውን የሚያስቡበት ማኅበር ነበራቸው፤ ሳትሳንግ ይሉታል፤ አብረው ተቀምጠው ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይበላሉ። ችግሩ በየከተማው የነበሩት ሁለት ሦስት ቤተሰብ ብቻ መሆናቸው ነው። እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ የማያገባኝ ነገር ስላልነበረ፣ «እንደኛ ማኅበር በተራ አድርጉት፤ ለእያንዳንዱ በዓል ከተማ ይመደብ፣ ተረኛ ይኑር» ያልኩት። ወደዱት። ተረኛ የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ አልተረጎሟትም፤ ኋላ ማኅበሩ የገባ አንድ ዴንማርካዊ እንኳ «ተረኛ ማነው?» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ሆኖ የበዓል ዓመት ማቀድ ጀመርን። ሆሊ ቀለምና ውሃ መረጫጨት ስለሆነ፣ በበጋ ውሃ የማይቸግረው ቤት ያለው ጊምቢ ነበርና ጊምቢ ሆነ። ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው በልጅነቱ ቅቤ ይሰርቅ ነበር አሉኝ፤ የእሱን ልደት፣ ጃንማሽታሚን፣ ሻምቡ ላይ መደብኩት። የሻምቡን የሆሮ ቅቤ የቀመሰ ሌባ ሌላ ቦታ አይሄድማ! ዘጠኝ ሌሊት የሚፈጀው ናቫራትሪ ቤቱ ሰፊ ለነበረው ለደምቢ ዶሎው አስተማሪ፤ ዲዋሊ፣ የብርሃን በዓላቸው፣ ለነቀምቴ።

ቀኖቹ የሚታወቁት ከህንድ በፖስታ ከሚመጣ የጨረቃ መቁጠሪያ ነበር። እሱን እያየሁ ወደኛ ወራት እለውጥና በስቴንስል አባዛለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ግን ፖስታው ቀረ። አስተማሪዎቹ ተጨነቁ፤ ዲዋሊ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ካልሆነ ዲዋሊ አይደለም፤ መብራቱ ትርጉም የሚኖረው ጨለማው ሙሉ ሲሆን ነው። ለእኔ ታዲያ የመሪጌታ ልጅነቴን የማሳይበት ቀን መጣልኝ። «አዲስ ጨረቃ? ይህማ ለእኔ ውሃ መጠጣት ነው» አልኩ። ባሕረ ሐሳብ ከአባቴ ተምሬያለሁ፤ አበቅቴውን ይዤ፣ የወሩንና የዕለቱን ቁጥር ደምሬ፣ ሠላሳ ገድፌ ቀኑን አወጣሁና በትልቁ ጻፍኩት። ያን ዕለት ቀዩን ቀለም አንዴም አልነካሁም። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነበርና ሰማይን ያየ የለም። ገበያ ሄደን ሸክላ ሠሪዎቹን መዳፍ የምታክል ማብሪያ ሥሩልን አልናቸው፤ «ለአሻንጉሊት ነው?» ብለው እየሳቁ ሠሩት። የኑግ ዘይት ተገዛ፣ ጥጥ ተፈተለ። ከጊምቢና ከሻምቡ በአውቶቡስ፣ ከደምቢ ዶሎ በቡና ጫኝ መኪና ሰው ገባ። ለዝማሬው ሃርሞኒየም አልነበረንም፤ ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ ኦቦ ቶሌራ የፕሮቴስታንት መዘምራን መሪ ነበርና አኮርዲዮኑን ለመንኩት። «ለምንድነው?» አለኝ። «ለህንዶች…» ስል አቋረጠኝ። «አትንገረኝ። አኮርዲዮኔ ታሞ ጌጡ ቤት ተኝቷል፤ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።» ማምሻውን ግን «የታመመ ልጠይቅ» ብሎ ራሱ መጣ፤ ሌላ ሰው እንዳያበላሸውም ራሱ ሲጫወት አመሸ።

ፀሐይ ጠልቃ ማብሪያዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ልንለኩስ ስንል፣ በምዕራብ በኩል ደመናው ተገለጠ። ከጊምቢ መንገድ በላይ ጨረቃ ተንጠልጥላለች፤ ቀጭን፣ የተሳለች፣ እንደ ማጭድ። ከአጥር ማዶ ጎረቤቶቻችን «ጂኢ ዱፌ! ጨረቃ መጣች!» እያሉ ለልጆቻቸው ያሳያሉ። እኔ ሰማዩን ትቼ ቦቲ ጫማዎችን አይ ጀመር።

«አቶ ጌጡ፣ ያ ምንድን ነው?» አሉ ሚስ ሳቪትሪ በአዋጅ አማርኛቸው።

«ጨረቃ ነው።»

«ዛሬ የት መሆን ነበረበት?»

«ቤቱ።»

ከደምቢ ዶሎ አቧራ ሲቅም የመጣው አስተማሪ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ፤ ጨረቃዋ አልጠፋችም። እኔ ለሞት ተዘጋጀሁ። ሚስ ሳቪትሪ ግን መጀመሪያ በከንፈራቸው፣ ከዚያ በትከሻቸው፣ ከዚያ በመላ ሰውነታቸው ሳቁ። «መንገዱ ነው እንጂ የእሱ ጥፋት አይደለም» አሉ ለሰዎቻቸው፤ «ወደ ነቀምቴ የሚመጣ ሁሉ ይዘገያል። ብርሃኑም በቡና መኪና ነው የመጣው።» ለኮስን። በጨረቃ ላይ የበራ ዲዋሊ! በኋላ ስናሰላው አራት ቀን ዘግይተን ነበር። ለአባቴ ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም፤ «የኛዋ ጨረቃ የመጽሐፍ ጨረቃ ናት፤ የሰማይዋ ከተቻኮለች የራሷ ጉዳይ ነው» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ፖስታው በጊዜው ደረሰ። እነሱ ግን ትክክለኛውን ዲዋሊ በየቤታቸው አክብረው በአራተኛው ቀን ነቀምቴ ተሰበሰቡ። በዓመቱም እንደዚያው። በሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ «የነቀምቴ ዲዋሊ»። በህንድ አገር የማይታወቅ፣ በቅዱስ መጻሕፍታቸው የሌለ፣ በእኔ ድፍረት ብቻ የተወለደ በዓል። ደንብም ወጣለት፦ በአራተኛው ቀን ተረኛው ነቀምቴ መጥቶ መብራቱን ካልለኮሰ ሌላው ቦታ አይለኮስም። ዘመን ተለወጠ፣ አስተማሪዎቹ ተራ በተራ ሄዱ፣ ልጆቻቸው በዓለም ተበተኑ፤ ማኅበሩ ግን ናይሮቢ ገባ፣ ሞሪሺየስ ገባ፣ ህንድ ያልሆኑ ሰዎችም ገቡበት። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ዴንማርካዊ አለ፤ የጋኔሽን በዓል ጳጉሜን ላይ ጽፌ ብልክለት «ጳጉሜን የየትኛው አምላክ ስም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት አዳዲስ ህንዶች መጡልንና መስመሯ ዳነች፤ ዘንድሮ እሱ፣ ለከርሞ እሷ፣ ተረኛ አልጠፋም። እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ ባለቤቴን ቀብሬ፣ ሰንጠረዡን በየዓመቱ ማዘጋጀቴን አልተውኩም። ሰው ከባድ ስህተት ሠርቶ ይቅርታ ይለምናል፤ እኔ የተሳሳትኩት ስህተት በየዓመቱ ይከበርልኝ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ህንዳዊ መምህር ውሉን ሳይጨርስ ሄደ። ሊሰናበተኝ መጥቶ የነሐስ ቃጭልና ክዳኑ የማይገጥም የግፊት ድስት ትቶልኝ፣ እጄን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆመ። በሰንጠረዡ ላይ «ነቀምቴ» ከሚለው ጎን የተረኛው ሳጥን ባዶ ሆነ። በዚህ ወር የሚስ ሳቪትሪ ልጅ ሚራ ከናይሮቢ ደወለችልኝ፤ እናቷ ዛሬ ጉጃራት ወንድ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ነቀምቴ ነው የተወለደችው፤ ስልክ የምታነሳው «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ ጌጡ?» እያለች ነው።

«እማዬ ተረኛዋ እኔ ነኝ ትላለች» አለችኝ። «ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው ጋሼ። ሐኪሙ እንቢ አለ፤ ወንድሜ እንቢ አለ፤ እኔም እንቢ አልኩ። እሷ የምትለው ግን ጌጡ ነይ ካለኝ እመጣለሁ፣ አትምጪ ካለኝ እቀራለሁ ነው። በእርስዎ እጅ ነው።»

«እኔማ ሳልቆጥር አልናገርም» ብዬ ቀለድኩ። ሚራ አልሳቀችም።

እንግዲህ አስቡት፤ የማውቀውን ሁሉ በቀልድ ያለፍኩ ሰው፣ አንድ ቃል፣ ነይ ወይም አትምጪ፣ በአፌ ላይ ወደቀ። እንዲመጡ ልቤ ፈለገ፤ ምን አስዋሸኝ። በጭቃው መሐል ያ ብርቱካንማ ሳሪ አንዴ ሲያልፍ ባይ ብዬ ተመኘሁ። ዱላዬን አንስቼ መናኸሪያ ወረድኩ። ትኬት ቆራጩን «መንገዱ እንዴት ነው?» ስለው «ዛሬ ደህና ነው» አለኝ። «ለጥቅምት ማለቂያስ?» ስለው ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። «ኑ ስሙ፣ ጃርሳው፣ ሽማግሌው፣ ስለ ጥቅምት ይጠይቀኛል! አባ ኮ፣ ስለ ነገ ይጠይቁኝ…» ካለ በኋላ ትንሽ አሰበና ሳቁን ዋጠው። «ስለ ነገም አይጠይቁኝ» አለ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ምክንያቱን እያንዳንዱ ሰው በየፊናው ስለሚነግረን መጠየቁን ትተናል። ያኔ በሁለት ብር ጊምቢ እሄድ ነበር። ዛሬ ብሩ ቢገኝ ሻምቡ ማን አለኝ? የቅቤው በዓል ይከበርበት የነበረው ቤት ቆርቆሮው እንኳ የለም አሉኝ።

ከዚያ ባኬ ጃማ ወጥቼ ቶሌራ ዘንድ ሄድኩ። እሱም እንደኔ አርጅቷል፤ ልዩነታችን እሱ ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። አኮርዲዮኑ ከቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ሳንባው ተቀዶ ከተናገረ ዓመታት ሆኖታል። ነገሩን ነገርኩት።

«መዘምራን አምጣልኝ ልትለኝ ነው?» አለኝ። «የኔዎቹን ልጆች ቁጠራቸው እስቲ። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ አረብ አገር። እሑድ ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፣ የሚዘምር አጥቼ እኔ ነኝ ባስም ቴነርም።»

«ሴትዮዋን ልጥራት አልጥራት ነው ያልኩህ፤ ስለ ባስ ማን ጠየቀህ?»

«ኢልማ ነማ!» አለኝ፤ ሲቆጣም ሲያዝንም የሰው ልጅ ብሎ ነው የሚጠራኝ። «መጥታ መንገድ ቢዘጋባት፣ ብትታመም፣ በማን እጅ ትሞታለች? ባንተ? አንተ እኮ ሻይ አፍልተህ አታውቅም። እሷ የምታውቃትን ነቀምቴ ከየት አምጥተህ ልታሳያት ነው? ሸክላ ሠሪዎቹ ሞቱ፣ ቡና ጫኙ ሞተ፣ እኔና አንተ ቀረን። እኛን ለማየት ደግሞ ፎቶ ይበቃል፤ እሱም ከሩቅ የተነሳ።»

ሳልቀልድበት ዱላዬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚህ በፊት ሆኖብኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ። ሚስ ሳቪትሪ ራሳቸው አነሱት። ድምፃቸው ቀጥኗል እንጂ አልተለወጠም።

«ጌጡ ኮ! ነጋ ዳ? ሰላም ነው?»

«ነጋ ነው ሚስ።»

«እህ፣ ኮቱ ትላለህ? ነይ ትለኛለህ? ሻንጣዬ ወጥቷል፤ ልጆቼ ደብቀውታል፣ እኔ ግን የት እንደደበቁት አውቃለሁ።»

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ መንገዱ፣ ጨረቃዋ፣ የእኔ ጉልበት ያለበት። አንዱም አልመጣልኝም።

«አይምጡ» አልኩ።

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

«አንተ እውነት ስትናገር አያምርብህም» አሉ በቀስታ። ከዚያ ስለ ሰዎቹ ጠየቁኝ፤ ሽንኩርት ሻጯ አዴ ጫልቱ? የለችም። ልብስ ሰፊው? የለም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ? ሄደ። አራተኛውን ስም ሊጠሩ ጀምረው ተዉት።

«አንተ አብራው አልልህም» አሉ። «የመሪጌታ ልጅ መሆንህን አውቃለሁ፤ ቀን ቆጠርክልን፣ ይበቃል።»

«አራተኛው ቀን ናይሮቢ ይሁን ሚስ። ሚራ ትለኩሰዋለች፤ እርስዎም እዚያ ይሄዳሉ፣ መንገዱ ሰላም ነው…»

«ናይሮቢ ላይ አራተኛ ቀን ምንድን ነው? እዚያ ማንም አልተሳሳተም።» ሳል ያዛቸው፤ ጠበቅኳቸው። «ሰርዘው፣ ጌጡ ኮ።»

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መብራት መጣ። ልጅቷ ጥፍሯ እንዳይበላሽ ጣቶቿን ወደ ላይ ቀስራ እየጻፈች ሰንጠረዡን ጨረሰችልኝ። «ይቺ የተሰረዘችው መስመርስ አባባ?» አለችኝ። «ተያት» አልኳት። ሌሎቹ በዓላት ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ናይሮቢ፣ ፖርት ሉዊስ፣ ኮፐንሃገን፣ እያንዳንዱ ከነተረኛው። በትክክለኛው ዲዋሊና ከእሱ ቀጥሎ ባለው በዓል መካከል ምንም የለም፤ ክፍተት እንኳ አይታይም፤ ኮምፒዩተሩ መስመሮቹን አስጠግቷቸዋል። ድሮ በስቴንስል ቢሆን ቀዩ ቀለም የተቀባበት ቦታ ጠባሳው ይታይ ነበር። ነቀምቴ የምትለው ቃል በወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀረች፤ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ «አዘጋጅ፦ ጌጡ፣ ነቀምቴ» በሚለው ላይ። በስልኬ አንስቼ ለሚራ ላክሁላት።

ወዲያው መለሰችልኝ። «እናመሰግናለን ጋሼ። አንዲት ነገር ብቻ፤ አዲሶቹ አባላት እዚያ በዓል ያለ መስሏቸው እንዳይጠይቁ፣ ከስምዎ ጎን ያለችው ነቀምቴ ትውጣ ወይስ ትቆይ?»

መነጽሬን ጠርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚራ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥርዓት ወዳድ ናት፣ እንደ እናቷ። የስልኩ ፊደላት ለጣቴ ስለሚያንሱብኝ ስንት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩ፤ በመጨረሻ «እኔ እስካለሁ ትቆይ» ብዬ ላክሁ።

ሚራ ወደ ላይ የቀና የአውራ ጣት ሥዕል ላከችልኝ። እሺ ማለት ነው አለችኝ ጸሐፊዋ። እሺነቱስ ገብቶኛል።